የጥሩ ምድጃ

ዓይናዲስ እንደምትለው ምድጃው የጣሊያን ነው፤ አያቷ መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ መሐንዲስ ሲሸሽ ጥሎላቸው ሄደ። አጎቷ አያ አለነ እንደሚሉት ደግሞ የጎረቤታቸው የጥሩ ነው፤ ወደ እስራኤል የሄደች ጊዜ እሳቸው ዘንድ አስቀመጠችው። የሰው አደራ ነው፤ አይሸጥም።

ሁለቱም ይህን የሚነግሩት ለእኔ ነው። ምድጃው በመካከላችን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፒያሳ አሮጌ ዕቃ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ፤ ዓይናዲስ በባጃጅ ወለቃ፣ አጎቷ ቤት ድረስ ያመጣችኝ ዋጋውን እንድገምት ነው። ዋጋው ግን እንደማያስጨንቃት መንገድ ላይ ነግራኛለች። የምትፈልገው አጎቷን አይከል ከተማ፣ እሷ ቤት መውሰድ ነው። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ባለፈው ክረምት ታመው የወደቁ ጊዜ ጎረቤት የሰማው ዘግይቶ ነው። ክፍል አዘጋጅታላቸዋለች፤ ና ባለቻቸው ቁጥር ግን አደራ ጥዬ የት እሄዳለሁ፤ ጥሩ መጥታ ብታጣኝስ ይሏታል።

“ምነው አያ፣ እኔ ከዚህ ናስ አነስሁብህ?” ትላቸዋለች አሁንም።

ምድጃው የጣሊያን ከሆነ አደራ የሚባል ነገር የለም። አደራ ከሌለ ይሄዳሉ። ይህን ሦስታችንም ስለምናውቅ ዕቃውን የማየው ሳልቸኩል ነው።

ሆዱ ናስ ነው፤ ሦስት እግር አለው፤ ጎኑ ላይ ላምባውን በአየር እየገፋ ወደ ላይ የሚያወጣ ፓምፕ። ገልብጬ በስልኬ መብራት ሥሩን አያለሁ። ስዊድን የሚል ጽሑፍ ተመትቶበታል፤ አጠገቡ የተሠራበትን ዘመን የምትናገር አንዲት ፊደል አለች። ጣሊያን ከአገር ከወጣ ብዙ ቆይቶ የተሠራ ነው። እንደዚያው እነግራቸዋለሁ።

“ታዲያ አባቴ የጣሊያን ነው ያለኝ ከየት አምጥቶ ነው?” ትላለች ዓይናዲስ።

“ከእኔ” ይላሉ አያ አለነ። “ምን ልበለው ነበር?”

ጥሩ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ያን ጊዜ የሸክላ ሠሪ ዕቃ ቤቱ ያስገባ ሰው ይታማ ነበር። ወንድማቸው ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ሲላቸው ከአባታችን ሣጥን ያገኘሁት የጣሊያን ዕቃ ነው አሉት። እሱም አምኖ ወሬውን ለልጁ አወረሳት። ይህን ሲነግሩን ፈገግ ይላሉ፤ ዓይናዲስ ግን አትስቅም።

ፓምፑን ስስበው ውስጡ ያለው የቆዳ ውታፍ ለስላሳ ነው፤ የኑግ ዘይት ይሸታል። በየጊዜው ሲቀባ ኖሯል። ጥቂት ገፍቼ ጆሮዬን አስጠጋለሁ፤ አየሩ አያመልጥም። እሳቱ የሚወጣበት አፍ ላይ ጥላሸት የለም ማለት ይቻላል። ጥግ ላይ ያሉት ጉልቻዎች ግን ከሰል መስለው ጠቁረዋል። መብራት ሲጠፋ ለምን በዚህ እንደማያበስሉ እጠይቃቸዋለሁ።

“በሰው ዕቃ?” ይሉኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄ ገርሟቸው።

ሆቴሎች ለጌጥ የሚፈልጉት የጣሊያኑን ነው፤ ቢሆንም እንዲህ የተያዘ አላየሁም፤ አንድ ሸጋ በግ ያወጣል እላለሁ። በጉን ልብ ያለው የለም።

“እሽ፣ የጥሩ ይሁን” ትላለች ዓይናዲስ። “ስትሄድ ምን አለችህ? ቃሏን እንዳለ ንገረን።”

አያ አለነ ወደ በሩ ያያሉ። ጥሩ የሄደችው ገና ሲነጋ ነበር። ወደ እስራኤል የሚሄዱትን ሰዎች የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ መንገዱ ላይ ቆሟል። ጥሩ ልጇን አዝላ፣ ምድጃውን በእጇ ይዛ መጣች። ለመንገድ ስንቅ ስትሠራበት አድራ ስለነበር ናሱ አልበረደም። ደፉ ላይ አስቀመጠችው።

“‘አለነ፣ መጣሁ’ አለችኝ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሄደች።”

ዓይናዲስ ሳታስበው ትስቃለች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። “አያ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ መጣሁ ይል የለ? እኔ ቅድም ለአንዲት ባለሱቅ መጣሁ ብያት ነው የወጣሁ። እስካሁን ቆማ የምትጠብቀኝ ይመስልሃል?”

አያ አለነ ወደ እኔ ይዞራሉ።

“አንተ የተማርህ ነህ። ምን ማለቷ ነው?”

አደራ ነው ብላቸው እዚህ ብቻቸውን ይቀራሉ። አይደለም ብላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ነገር በአንድ ቃል እወስድባቸዋለሁ። የምድጃውን አገርና ዘመን ከሥሩ አንብቤያለሁ፤ ከዚያች ቃል ሥር ግን የተመታ ፊደል የለም።

“አደራ ብላዎታለች?” እላለሁ።

“አላለችም።”

“ውሰደውስ?”

“አላለችም።”

“እንግዲያው እኔም አላውቅም፣ አያ አለነ። እሷም ያወቀች አይመስለኝም።”

ውጭ የባጃጁ ሹፌር ጥሩንባውን ይነፋል። አያ አለነ ምድጃውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የአየር መክፈቻዋን በጣታቸው ያላላሉ። የታመቀው አየር እስስ እያለ ይወጣል። እስኪያልቅ ያዳምጣሉ። ከዚያ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው ለዓይናዲስ ያቀብሏታል።

ፊቷ ይፈካል። በአንድ ክንዷ ምድጃውን አቅፋ በሌላው ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን ከግድግዳው ታወርዳለች። እሳቸው ከመደቡ አይነሱም።

“ይዘሽው ሂጂ፤ አብስይበት” ይሏታል። “እኔ እዚሁ ነኝ። ከእንግዲህ ማንንም አልጠብቅም፤ ግን እዚሁ ነኝ።”