ሁለት ሜትር ሲባጎ

«አልነካኋትም፤ አትቆጪ» አለ ናሩሴ፣ ጣቱን ከመስታወቷ እያሸሸ።

ካሜራ ጠጋኟ ቺዙሩ ስሷን መስታወት በወረንጦ ጠርዟን ይዛ ከካሜራው ሆድ አወጣቻትና ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገቻት። ከቴምብር ብዙም አትበልጥም። ሌንሱ የሚያመጣው ምስል የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፤ ፎቶ አንሺው ምስሉ መጥራት አለመጥራቱን የሚያውቀው በእሷ ነው። ውጭ የናጋኖ ከተማ በረዶ ከዝናብ ጋር ተደባልቆ ይወርዳል።

«ምንም አልሆነችም፣ አቶ ናሩሴ።»

«እንዴት ምንም አልሆነችም? የኦኩዳይራን ፎቶ ያበላሸችብኝ እሷ አይደለች?»

ናሩሴ የሰፈሩን ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ ለቀብራቸው ቀን የሚቆመውን ፎቶ ያነሳቸዋል። ሰባ ዓመት የሞላው ሁሉ ጸጉሩን ተስተካክሎ ወደ እሱ ይመጣል። ባለፈው መኸር ያነሳቸው ወይዘሮ ኦኩዳይራ ግን ጆሯቸው ጥርት ብሎ ዓይናቸው ደብዝዞ ወጣ። ሲሞቱ ልጆቻቸው የአውቶቡስ መታወቂያቸውን ፎቶ አስፍተው አበባው መሃል አቆሙት። ማንም አልወቀሰውም። እሱን ያቃጠለው ይኸው አለመውቀሳቸው ነበር።

አሁን ተራው የሚስቱ የሳዮኮ ነው። የካንሰር መድኃኒቱን ሰኞ ትጀምራለች፤ ጸጉርሽ ይረግፋል ብለዋታል። «እሁድ አንሳኝ» አለችው፤ «ሙሽራ ሳለሁ ባነሳኸኝ ሌንስ።»

«ሌላ መስታወት ስጪኝ» አለ ናሩሴ። «አባትሽ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሦስት ቀያይሮ፣ ሻይ አጠጥቶ ሸኝቶኝ ነበር።»

«አባቴ ሻይ የሚያጠጣው ዋጋ ሊጨምርብዎት ሲል ነበር።»

ናሩሴ ፈገግ አለ። ይቺን ሴት እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ስትድህ ያውቃታል።

በዚህ ቤት መስታወት በአፍ አይመረጥም። ወለሉ ላይ አባቷ የመታቸው ሁለት የናስ ምስማሮች አሉ፤ በመካከላቸው ልክ ሁለት ሜትር። ደንበኛው አንደኛው ላይ ይቆማል፤ ቺዙሩ ሌላኛው ላይ በርጩማ አድርጋ ትቀመጣለች። ምስሉን ዓይኗ ላይ ሲያጠራው ተነስታ ሌንሱ ቀለበት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ታነባለች። ሁለት ካላለ መስታወቷ አልተስማማችውም ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ብሩህ ነበረች።

«ጥርት አለ» አለ ናሩሴ።

መጥታ አየች። «ሁለት ሜትር ተኩል።»

ሁለተኛዋን ገጠመችለት። «ይቺ ጨለም ትላለች፤ ግን አታታልልም።»

ቀለበቱን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር ቆየ። «አሁን ይኸው!»

«አንድ ሜትር ከሰባ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሦስተኛዋ መሃሏ ላይ ለሁለት የተከፈለ ክብ አላት፤ በክቧ ውስጥ የተሰበረው መስመር ሲገጣጠም ምስሉ ጠርቷል። ይህን ሕፃንም አይስተውም።

«ክቧ ጠቁራለች» አለ ናሩሴ። «ብርሃን የማያስገባ ደካማ ሌንስ ሲገጠምባት ትጠቁራለች፤ ታውቂ የለ?»

«ይሄ ሌንስ ደካማ አይደለም።» ካሜራውን ተቀብላ እሷ ራሷ አየችበት። ብዙ ቆየች። «በግራ ዓይንዎ ቢሞክሩትስ?»

«ግራው ከልጅነቴ ጀምሮ ለጌጥ ነው።»

ካሜራውን መልሳለት ተቀመጠች። ናሩሴ አየ። ጸጉሯ አለ፤ የሹራቧ ኮሌታ አለ፤ ከኋላዋ መደርደሪያው ከነካሜራዎቹ አለ። ፊቷ ባለበት ቦታ ግን እርጥብ አመድ የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ አመዱም አብሮ ዞረ። ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ። አመዱ አልወረደም።

«ሐኪም አይቶዎታል?»

«ከእሁድ በኋላ።»

ቺዙሩ አልተከራከረችውም። ከመሳቢያ ሲባጎ አውጥታ ከምስማር ምስማር ለካችና ለቋጠሮው ትንሽ አትርፋ ቆረጠች። የሌንሱን ቀለበት ሁለት ላይ አድርጋ እንዳይነቃነቅ በፕላስተር አሰረችው። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ከካሜራው ጎን፣ ማንገቻው የሚገባበት ቀለበት ላይ ቋጠረች።

«ሌላውን ጫፍ ባለቤትዎ ከዓይናቸው ሥር ይያዙት። ሲወጠር ልክ ሁለት ሜትር ነው፤ ያኔ እሳቸው ይልቀቁት፤ እርስዎ ይጫኑ።» መስታወቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ «ከመስታወቶቹስ የቷን ላድርግልዎ?»

«የትኛዋም ትሁን።»

የድሮዋን መልሳ ገጠመችለት።

«እስቲ እንሞክረው» አለች።

በርጩማው ላይ ተቀምጣ የሲባጎውን ጫፍ ከዓይኗ ሥር ያዘች። ናሩሴ እስኪወጠር ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። በመመልከቻው ውስጥ ጸጉርና ኮሌታ፣ በመሃላቸው አመድ።

«ዝግጁ ነሽ?» አላት።

ቺዙሩ ሲባጎውን ለቀቀችው። ናሩሴም አመዱን እያየ ቁልፉን ተጫነ።