የወይዘሮ በዛወርቅ ጥርስ

ሐኪሟ ፀጋ የፊት ጥርሴን በጣቷ ስትነካው እንደ ላላ ካስማ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከላይ የቀሩኝ ሁለት ብቻ ናቸው።

«እማማ፣ ድድዎ በጣም ታሟል» ትለኛለች። «እነዚህን የሚይዝ አጥንት አልቀረም። ይነቀሉና ድዱ ይታከም፤ ሲድን አዲስ እንተካለን። በታመመ ድድ ላይ ጥርስ አይቀመጥም።»

«እስኪድንስ?»

«ጥቂት ወራት ባዶውን ይቆያል።»

አፌን እዘጋለሁ። ጥቂት ወራት ማለት መስከረም ማለት ነው። መስከረም የልጅ ልጄ ጽናት ትምህርት ቤት ትገባለች፤ አባቷም «ከሁለቱ አያቶቿ የወደደቻት ዘንድ ትኑር» ብሏል። አንደኛዋ እኔ ነኝ፣ እናቷን የወለድኩ፣ እሷንም ጡት ከጣለች ጀምሮ ገጠር ያሳደግኩ። ሁለተኛዋ እቴቴ የምትላቸው የአባቷ እናት ወይዘሮ በዛወርቅ ናቸው። እዚሁ ዓለም ከተማ ቤት አላቸው። አሁን ደግሞ አዲስ ጥርስም አላቸው።

ለፋሲካ ሽንብራ ቆሎ በዚያ ጥርስ ቀርጠፍ እያደረጉ ግማሽ ግማሹን ሲያጎርሷት፣ ልጅቷ ከጉልበቴ ተነስታ እሳቸው ጉልበት ላይ ገባች። እኔ በሶ ከመበጥበጥ ሌላ ምን አለኝ? በልጅነቴ ይኼ ድድ በመርፌ ተነቅሶ ጠቁሮ፣ ጥርሴ በላዩ ሲያበራ፣ ሰው ዞሮ ያየኝ ነበር።

እሳቸውም ዛሬ ጥርሱ አንድ ጎን ቆርቁሯቸው ሊያስሞርዱ መጥተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አይፍሩ እንጂ እትዬ!» ይላሉ እየሳቁ። «እኔም ፈርቼ ነበር። ይኸው አሁን፣ የሙሽራ ጥርስ!»

«ጥርሱስ የሙሽራ ነው፤ ሙሽራው ነው የጠፋ።»

ፀጋ ሳቋን ትውጣለች። «እርስዎ እስኪያስቡበት የእሳቸውን ልሞርድ» ብላ እጇን ትዘረጋለች። ወይዘሮ በዛወርቅ ጣታቸውን ከተው ጥርሱን ከነሮዝ ድዱ ያወጡታል። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ አገጫቸው አፍንጫቸውን ሊነካ ይደርሳል። ቶሎ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑታል።

ልቤ ደስ ሲለው ይታወቀኛል።

«ጽናት!» ብዬ ደጅ የምትጫወተውን እጣራለሁ ወደ በሩ። «ነይ እስቲ፣ እቴቴን እያት!»

ወይዘሮ በዛወርቅ ቀና ብለው ያዩኛል። ገብቷቸዋል። እኔ ግን ዓይኔን ከበሩ አልነቅልም።

ልጅቷ እየሮጠች ገብታ ቀጥ ትላለች። ሐኪሟ እጅ ላይ ያለውን ጥርስ ታያለች፣ ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አፉን ታያለች። ደንግጣ ወደኔ ስትመጣ ላቅፋት እጄን ዘርግቻለሁ።

«እቴቴ! እንደኔ ሆንሽ!» ብላ ከንፈሯን በጣቷ ሰቅላ የራሷን ክፍተት ታሳያለች። «እንደገና አስገቢና አውጪው!»

ወይዘሮ በዛወርቅ ነጠላቸውን ለቀው በባዶ አፋቸው ይስቃሉ። ድዳቸው እንደኔው የተነቀሰ ነው። ሮዙ ሸፍኖት እስከ ዛሬ አላየሁትም። ጽናት ጉልበታቸው ላይ ወጥታ ትቀመጥና ወደኔ ትዞራለች።

«እምዬ፣ ያንቺስ አይወጣም?»

«የኔ የራሴ ነው።»

«ይነቃነቃል እኮ! የኔም እንደዚያ ብሎ ነው የወለቀው። ጣሪያ ላይ ለወፏ ወረወርኩት፣ አዲስ ታመጣልኛለች። እኔ አልፈራሁም።»

እዚያው እቴቴ ጉልበት ላይ ሆና ታዝንልኛለች።

ጭንቅላቴን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ እጥላለሁ። «ንቀይው» እላታለሁ ሐኪሟን።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

መርፌው ድዴን ሲወጋኝ የትንንሽ እግሮች ኮቴ እሰማለሁ። ጽናት ወርዳ መጥታለች። «የእምዬን እኔ ነኝ ለወፏ የምወረውረው!» ትላለች፤ መዳፏን ከአገጬ ሥር ዘርግታ ትጠብቃለች።

አፌ ደም ደም እያለኝ፣ ከራሷ በላይ አሻግሬ የወይዘሮ በዛወርቅን ባዶ ጉልበት አያለሁ።