ግድግዳውን በካውያ

አትሳቂብኝ እህቴ፣ ግድግዳ እየተኮስኩ ነው። አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥሬ፣ ካውያ ይዤ፣ ልክ እንደ ሸሚዝ።

ታላቋ ልጄ ወንበር ላይ ቆማ የአንሶላውን ጫፍ ይዛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ማዘዝ ስለምትወድ ቤት ውስጥ ሻምበል ነው የምንላት። ዛሬ ግን ታዛዧ እሷ ናት።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር አይሆንም።»

«ዝም ብለሽ ያዢ! ሃያ ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ ልብስ ስተኩስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ካውያ ያላደረቀው ነገር አላየሁም።»

«ግድግዳ ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አሁን አውቃለሁ።»

የሆስፒታሉ ነርስ አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች። አሁን ሦስት ተኩል ነው። የምትመጣው ቤቱን ልታይ ነው። የልጆቼ አባት በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ከተኛ ሁለት ወር ሆነው። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ሻጋታ ያለበት ክፍል ውስጥ ከገባ ክረምቱን አይጨርስም። ክፍሉ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ወደ ቤቱ፣ ካልሆነ ከከተማ ወጥቶ የአረጋውያን መጦሪያ። ጎረቤታችንም እዚያ ገብቶ ነበር። በእግሩ ገባ፣ በሳጥን ወጣ።

ስለዚህ ሰው ሁሉ ብራ ሲሆን የሚያጸዳውን ቤት እኔ በዝናቡ መሐል ገለበጥኩት። ምንጣፉን አወጣሁ፣ መጋረጃውን አጠብኩ፣ ኮርኒሱን ወለወልኩ፣ ፍራሹን ቀየርኩ። አልጋው ራስጌ ያለውን ጥቁር ሻጋታ በበረኪና ስፈትግ ስፈትግ ጣቴ ተላጠ። አልለቅ ሲለኝ ትናንት ነጭ ቀለም ቀባሁበት። ግድግዳው ውስጡ እርጥብ መሆኑን እያወቅኩ። ጨንቆኝ ነበር፤ ሌላ ምን ልበልሽ።

ይኸው እስካሁን አልደረቀም።

ግድግዳውን የሠራው እሱ ራሱ ነው፤ ግንበኛ ነው። የሰውን ቤት ሥሩን በድንጋይ ደልድሎ የሚሠራ ሰው፣ የራሱን ብሎኬት አፈር ላይ አስቀመጠው። ያኔ ሻምበል ሆዴ ውስጥ ነበረች። ዝናቡ ሳይጀምር ጣሪያ ሥር ሊያስገባኝ ቸኩሎ ነው። «በኋላ እናስተካክለዋለን» አለ። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት።

ስልኬ ይጠራል። እሱ ነው።

«ጫማዬን አድርጌያለሁ» ይላል። በየቃሉ መሐል ትንፋሹን ይለቅማል። «ግድግዳው ደረቀ?»

«ደርቋል።»

«በመዳፍሽ ነክተሽ አይተሻል?»

«በመዳፌ ነክቼ።»

«እርጥብ ላይ ቀለም እንዳትቀቢ። ይላጣል።»

«ምኑን ቀባሁ አንተ ደግሞ! አርፈህ ተቀመጥ።»

ስልኩን ስዘጋው ሻምበል ላለማየት ፊቷን ታዞራለች። ተንበርክኬ ሳልጸልይ እህል የማልቀምስ ሰው ነኝ፤ ይኸው በአንድ ትንፋሽ ሦስት ውሸት። ጌታዬ፣ ቁጠርብኝ፤ ግን የዛሬን አትክፈለኝ።

ካውያውን እስከ መጨረሻው አሙቄ እጫነዋለሁ። እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ቡፍ ይላል።

«አየሽ? እየወጣ ነው ውሃው!»

«እማዬ፣ ግድግዳው እያላበው ነው እኮ።»

«ይላበው! አንሶላውን ቀስ ብለሽ ሳቢው።»

ስትስበው ቀለሙ አብሮ ይመጣል፤ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ። ከሥሩ ያ ጥቁር አለ። እንዲያውም ሰፍቷል።

በሩ ይንኳኳል።

ሻምበል ዘላ ወርዳ ቁምሳጥኑን ትገፋለች። «እንሸፍነው! ነይ፣ በዚያ በኩል!» ግማሽ መንገድ ሄዶ አንድ እግሩ ይሰበራል። ነርሷ ስትገባ ሁለታችንም ያዘመመ ቁምሳጥን ታቅፈን እናለከልካለን።

ታናሿን ልጄን ታህላለች። ከጃኬቷ ዝናብ ይንጠባጠባል። «ደህና አደሩ እናቴ» ትላለች። አንሶላውን ታያለች፣ ካውያውን ታያለች። በቁምሳጥኑ በኩል ዞራ መዳፏን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች። ስታነሳው እርጥብ ነው።

«ዛሬ ባለቤትዎ እዚህ እንዲገቡ ልፈርም አልችልም።»

«እኔ በግድግዳው በኩል እተኛለሁ፤ እሱ በመስኮቱ በኩል።»

«የሚተነፍሱት አየር አንድ ነው እናቴ።»

እግሯ ላይ እወድቃለሁ። የልጄ እኩያ እግር ላይ፣ ያን ሁሉ ስወለውለው የሰነበትኩት ወለል ላይ። «ኧረ ተነሡ፣ በፈጠረዎት!» እያለች ብብቴን ይዛ ታነሳኛለች። ሻምበል ወደ መስኮቱ ዞራለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። አባቷ ሆስፒታል የገባ ዕለት እንኳን አላለቀሰችም።

ነርሷ ወረቀቷን ታጥፋለች። «መጦሪያው አልጋ የሚለቅላቸው ዓርብ ነው» ትላለች። «ዓርብ ጠዋት ተመልሼ እመጣለሁ። መዳፌ እርጥበት ካላገኘ እፈርማለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

ወጥታ ሄደች። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ሻምበል መስኮቱን በርግዳ ከፍታ የቀረውን ቀለም በቢላ ትፍቃለች። ውጭ ዝናቡ ብሶበታል። እኔ ካውያውን ይዤ እንደቆምኩ ነኝ። እርጥብ ግድግዳ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አንድ ሰው አለኝ፤ እሱን ደግሞ ደርቋል ብዬዋለሁ።

ጸሎቱን ለእኔ ተዪው፣ አላቋርጥም። አንቺ ግን ግድግዳ እንዴት እንደሚደርቅ የምታውቂ ከሆነ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ካለሽ፣ እባክሽ ከዓርብ በፊት ንገሪኝ።