አንዲት ክብ ቀዳዳ

ጋሽ ጃቢር የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሲስቡት ጠቅ ብሎ ከገመዱ ተለየ። ድምፁ ኢልሃምን ደረቷ ድረስ ተሰማት።

«ሰበሩት!» አለች።

ማዳመጫው የወንድሟ የአኒስ ነበር። የሠርግ ድምፅ የሚያስተካክለው በእሱ እያዳመጠ ነው፤ ከሰዓት ለሠርግ ወደ ትክል ድንጋይ ከተማ ይሄዳል። እሷ ሳታስፈቅደው ወስዳ ገመዱን በር መሀል አስገብታ በጥሳዋለች።

«ምነው ልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ እንጂ!» አሉ ጋሽ ጃቢር፣ ሰዓት በሚጠግኑበት መነጽር ማዳመጫውን እያዩ። አራዳ ባለችው ሱቃቸው ባንኮኒ ላይ ሁለት አዳዲስ ገመዶች ዘርግተዋል፤ የአንዱ ጫፍ ሁለት ቀጫጭን መርፌ፣ የሌላው ክብ ነሐስ ነው። እሷ ጠንካራ ስለመሰላት ባለመርፌውን እንዲበይዱላት ስትወተውታቸው ቆይታለች። «ባለመርፌው አንዴ ከገባ አይነቃነቅም፤ ክቡ ይሽከረከራል። መራጩ ግን የማዳመጫው ቀዳዳ ነው። ደግሞ አልሰበርኩትም፤ እንዲነቀል ሆኖ የተሠራ ነው። ነይ እዪው።»

አየች። አንዲት ክብ ቀዳዳ፤ ጭረት እንኳ የላትም። ክቡን ገመድ ጫን ሲያደርጉት ገባ። ስልኳ ላይ ሰክታ ሞከረችው፤ በግራም በቀኝም ጥርት ብሎ ተሰማት። እፎይ ብላ ሳትጨርስ አኒስ ደወለ።

«ማዳመጫዬን አይተሻል?»

«እኔ ጋ ነው። ገመዱን በጥሼብህ አዲስ አስገጠምኩለት።»

አኒስ ሳቀ። «እኔ ራሴ ሁለቴ በጥሼዋለሁ። ቶሎ ይዘሽው ነይ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው።»