የባጃጅ ፔዳል

"እስቲ ርገጠው፣ ማሎ፣ እባክህ!" አሉት የነቀምቴው ብረታ ብረት ቤት ባለቤት ኦቦ ጋሮማ።

ሠራተኛው ደጉ ባዶ የቀረውን የግራ እጅጌውን ወደ ኪሱ ከተተ። መቁረጫው ማሽን እጁን ከወሰደበት ወዲህ ወደ ሥራ ሲመለስ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር፤ ከእንግዲህ ከመጥረጊያ ሌላ የሚሰጠኝ የለም ብሎ ነበር የመጣው። አሁን ግን ብረት በሚያዝበት ሞርሳ ሥር የባጃጅ ፍሬን ፔዳል ተበይዶ ጠበቀው። ረገጠው። የሞርሳው መንጋጋ በመሃሉ የገባውን ቧንቧ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። በቀኝ እጁ መጋዙን ሳብ ገፋ አደረገው፤ ቧንቧው ንቅንቅ ሳይል ተቆረጠ።

"ለእኔ ብለው ይህን ሁሉ..." ብሎ ምስጋናውን ሳይጨርስ፣ ዓይኑ የሥራ ጓደኞቹ ላይ አረፈ። ሁሉም ሁለት እጅ አላቸው። ሁሉም ግን በየሞርሳቸው ሥር አዲስ የተበየደ ፔዳል እየረገጡ ይሠሩ ነበር።