ያልተረጋገጠች

በዚያ ዘመን ሕግ፣ በድሮን ተመትቶ ሞተ የተባለ ሰው ሦስት የሚመሳከሩ ምስሎች ካልተገኙለት በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል፤ ለቅሶም አይቀመጡለትም። አጣሪዋ ወለላ የአቶ ይመኑን ልጅ ጉዳይ «አልተረጋገጠም» ብላ የዘጋችው የሳተላይቱን ምስል ደመና ስለሸፈነው ነበር። ከሰባት ወር በኋላ የጎደለው ሦስተኛ ምስል ጥርት ብሎ ደረሳት። አባትየው በላኩት የቤቱ ፎቶ ላይ ያየችው አረንጓዴ ጣሪያ ተገንጥሎ ግቢው ውስጥ ወድቋል። ራሷ ደወለችላቸው።

«አባባ፣ የልጅዎ ጉዳይ ተረጋግጧል። አሁን ለቅሶ መቀመጥ ይችላሉ።»



«እናቷ ‹አልሞተችም ተብሏል፣ ትመጣለች› እያለች ራቷን ከድና ታስቀምጥላት ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ባለፈው ወር እሷም አረፈች። ለእሷ እንኳ ምስል የጠየቀን የለም፤ አልቅሰን ቀበርናት።»