ሐበሻ የሌለበት ሰፈር

ቤት የሚገዛበትን ሰፈር ሲመርጥ ለደላላው የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መሐል ጅቡቲ ይሁን፤ ባሕሩ ባይታይም ግድ የለኝም። ብቻ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚል ሐበሻ አይኑርበት፤ ወሬ ሸሽቼ ነው የመጣሁት።»

ደላላው ሲያዞረው ውሎ ከወደቡ ጀርባ አንድ በር አንኳኳ። «እዚህ ሐበሻ ለመድኃኒት ብትፈልግ አታገኝም፣ አንተ ትሙት!»

ባለቤቱ ምድር ቤቱን ሸጠው ራሳቸው ፎቁ ላይ የሚቀሩ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ናቸው። በፈረንሳይኛ ተነጋገሩ፣ በፈረንሳይኛ ተስማሙ፣ ተጨባበጡ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ የቤቱ አቧራ አስነጠሰው።

«ይማርህ!» አሉ ሽማግሌው።

«ያኑርዎ!» አለ፣ አፉ ቀድሞት።

የሽማግሌው ፊት በራ። የጨበጡትን እጅ ሳይለቁ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት።